የትከሻ ብሬስ ሳስር ጣቶቼ ይደነዝዛሉ፤ አስተሳሰሩ እንዴት ነው?

ቀኝ_ትከሻ

ሰላም ለሁላችሁ። ከባድ ዕቃ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስሰቅል ቀኝ ትከሻዬን ጎዳሁት። ሐኪሙ አይቶ ስብራትም ውልቃትም የለም፣ ጅማቱ ነው የተቆጣው አለና ለተወሰነ ጊዜ ድጋፍ አድርግ ብሎኝ ሄድኩ። ድጋፉ ያ ጥቁሩ፣ የሚለጠጠው ነው። እንደ ግማሽ እጅጌ ሆኖ ክንድ ላይ ይገባል፣ ከትከሻው ላይ ደግሞ ደረትን የሚዞር ረጅም ማሰሪያ አለው። እንዴት እንደሚታሰር ግን ማንም አላሳየኝም። ካርቶኑ ላይ ያለው ሥዕል ፈገግ ያለ ጡንቸኛ ሰውዬ ነው፣ ማሰሪያው ከኋላ ይምጣ ከፊት እንኳን አይታይም።

አላልቼ ሳስረው እየተንሸራተተ ወደ ክርኔ ይወርዳል። ጠበቅ ሳደርገው ደግሞ ትንሽ ቆይቶ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ፣ በግራ ብብቴ በኩል ማሰሪያው ቆዳዬን ይልጠዋል። መሃሉን አጣሁት።

ሌላም ጥያቄ አለኝ። ከልብስ ሥር ነው የሚደረገው ከላይ? ማታ ልተኛበት ወይስ ላውልቀው? ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ነው። የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ፣ አመሰግናለሁ።

ፊዚዮ_ነኝ

ሰላም ወንድሜ፣ ከጣትህ ልጀምር። ጣት ደነዘዘ ማለት የሆነ ቦታ ከመጠን በላይ ታስሯል ማለት ነው፣ «እስክለምደው ነው» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። አላላው። አላልተኸውም ድንዛዜው ካልለቀቀህ፣ ወይ እጅህ ካበጠ፣ ወይ ጣቶችህ ከቀዘቀዙ ወይም መልካቸው ከተለወጠ ጨርሰህ አውልቀውና ሐኪም ይይህ። ቀለበት ካለህም በዚያ እጅ አታድርገው፣ ካበጠ በኋላ ማውጣቱ ፈተና ነው።

አሁን ወደ አስተሳሰሩ። ብሬስ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፣ የአንዳንዱ ማሰሪያ ከፊት ወደ ኋላ ይዞራል፣ የሌላው ተቃራኒ ነው። አንዳንዱ ለቀኝም ለግራም ይሆናል፣ አንዳንዱ ለአንድ ወገን ብቻ ነው የተሰፋው። ስለዚህ መጀመሪያ ያንተ የቀኝ መሆኑን አረጋግጥ። ግን አንተ የገለጽከው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው የሚታሰረው፦

የሚጣበቀውን ሁሉ ፍታው። ቁጭ ብለህ ወይም ቆመህ የታመመውን ክንድህን ዝም ብለህ አንጠልጥለው። በጤነኛው እጅህ እጅጌውን ከታች ወደ ላይ ሳብ አድርገህ አስገባው፣ ያ ጎበጥ ብሎ የተሰፋው ክፍል ልክ የትከሻህ ጫፍ ላይ እስኪቀመጥ ድረስ። ወደ አንገትህ አያዘንብል፣ ወደ ክንድህም አይውረድ። ከዚያ ረጅሙን ማሰሪያ በጀርባህ አዙረህ በግራ ብብትህ ሥር አሳልፈህ ደረትህ ላይ አጣብቀው። የክንዱን ማሰሪያ በመጨረሻ ነው የምታስረው፣ እሱንም ለስሙ ያህል ብቻ።

ያንተ ችግር እዚህ ጋ ይመስለኛል። አብዛኛው ሰው ድጋፉ ሲንሸራተትበት የክንዱን ማሰሪያ ነው የሚያጠብቀው፣ ምክንያቱም እሱ ቅርብ ነው፣ ለመሳብም ይመቻል። ነገር ግን እንዳይወርድ የሚይዘው የደረቱ ማሰሪያ ነው። ክንድህን ባነቅከው ቁጥር ደሙንና ነርቩን ትጫናለህ እንጂ ድጋፉ ከቦታው መንሸራተቱን አያቆምም። የደረቱን አስተካክለው፣ የክንዱን ተወው።

አንድ ነገር ልብ በል፣ ማሰሪያውን ስትስብ ትከሻህን ወደ ጆሮህ አትስቀለው። ሲያማቸው ሰዎች ሳያውቁት ትከሻቸውን ይሰቅሉና እንደዚያው ሆነው ያስራሉ። በኋላ ዘና ሲሉ ትከሻው ወደ ቦታው ይወርዳል፣ ማሰሪያው ይረግባል፣ «ላላብኝ» ብለው እንደገና ያጠብቃሉ። መስታወት ፊት ቆመህ ሁለቱ ትከሻዎችህ እኩል መሆናቸውን እይ፣ አንዴ በረጅሙ ተንፍስ፣ ከዚያ እሰር።

ጨርሰህ ስታስር ሁለት ጣትህ ከማሰሪያው ሥር ሳይታገል መግባት አለበት፣ የክንዱም የደረቱም። በጥልቅ ስትተነፍስ ደረትህን ማነቅ የለበትም። ከዚያ የቀኝ እጅህን አንድ ጥፍር ጫን በለው፣ ይነጣል። ስትለቀው በ2 ሴኮንድ ገደማ ወደ መልኩ መመለስ አለበት። ጥርጣሬ ካለህ የግራ እጅህን ጥፍር እንደዚያው ጫንና አወዳድር። ይህን ስታስር አንዴ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደግሞ አንዴ ብታየው ጥሩ ነው፣ መጀመሪያ ደህና ሆኖ ቆይቶ የሚጠብቅ አለና።

ማታ? ሐኪሙ በግልጽ ተኛበት ካላለህ ይህን ዓይነቱን አውልቀው። ስትገላበጥ ማሰሪያው ይዞርና አንዱ ቦታ ላይ ይጫንሃል፣ እንቅልፍ ውስጥ ሆነህ ደግሞ ድንዛዜውን አትሰማውም።

ብረት_ክንድ

እኔ እንኳን እንዲህ ማሽሞንሞኑ አይገባኝም። ድጋፍ ጠበቅ ካላለ ምኑን ድጋፍ ሆነ? እኔ ጂም ስሠራ ጥርቅም አድርጌ ነው የማስረው፣ ሕመሙም አይሰማኝም፣ ክብደቱንም እንደ ልቤ አነሳለሁ። ትንሽ መደንዘዝ ያለ ነው። ወንድሜ እሰረውና ሥራህን ሥራ።

ፊዚዮ_ነኝ

@ብረት_ክንድ በፍቅር ነው የምነግርህ፣ «ሕመሙ አይሰማኝም» ያልከው ነው የሚያስፈራኝ። የተቆጣ ጅማት ቁም ሲልህ አፉን አስረኸው ክብደት እያነሳህበት ነው።

ይህ ለስላሳ ድጋፍ አጥንትን በቦታው አይይዝም፣ ያን ያህል ጉልበት የለውም። ትከሻ ማለት ትልቅ ኳስ ጠፍጣፋ ሳህን ላይ እንደማስቀመጥ ነው፣ ኳሱን ሳህኑ ላይ የሚያቆዩት ዙሪያውን ያሉት ጅማቶችና ጡንቻዎች ናቸው። በተለይ «ሮታተር ከፍ» (rotator cuff) የሚባሉት 4 ጡንቻዎች። የጨርቁ ሥራ ሌላ ነው። ሙቀት ይሰጣል፣ መጠነኛ ግፊት ይሰጣል፣ ከሁሉም በላይ ክንድህን ከልክ በላይ ልታነሳ ስትል ቆዳህን ያዝ እያደረገ ያስታውስሃል። ለማስታወስ ደግሞ ማነቅ አያስፈልገውም።

ቀኑን ሙሉ፣ ለወራት ማድረጉም አይመከርም። ትከሻ ሳይንቀሳቀስ ሲቆይ ይደርቃል፣ ከዚያ በኋላ ክንድን ማንሳት ራሱን የቻለ ሌላ በሽታ ይሆናል። የደረቀ ትከሻ የሚባለው በብዛት ከ40 እስከ 60 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ ይታያል፣ ስኳር ያለባቸው ደግሞ ይበልጥ ይጠቃሉ። ስለዚህ ክንድህን የሚያደክም ነገር ስትሠራ አድርገው፣ አርፈህ ስትቀመጥ አውልቀው። ክርንህን፣ አንጓህንና ጣቶችህን ግን ድጋፉን አደረግክም አላደረግክም በቀን ብዙ ጊዜ እጠፍ ዘርጋ።

ሻይ_ከቁርስ_በኋላ

ስለ ቆዳው እኔ ልናገር፣ በዚያ በኩል ብዙ ያየሁ ሰው ነኝ 😅

ባዶ ቆዳ ላይ አታድርገው። ያ ጥቁሩ ጨርቅ ኒዮፕሪን ነው፣ ዋናተኞች የሚለብሱት ዓይነት። ሙቀት ያፍናል፣ ላብ አያስወጣም። እኔ ስስ የጥጥ ቲሸርት ለብሼ ከላዩ ነው የማደርገው። ግን ቲሸርቱ ሥሩ እንዳይጨማደድ ተጠንቀቅ፣ በተለይ ብብት ጋ። አንዲት ትንሽ እጥፋት ቀኑን ሙሉ ስትፈትግህ ትውልና ማታ ቀይ መስመር ሰርታ ታገኛታለህ። ሰፊ ሳይሆን ገላ ላይ ለጠፍ የሚል፣ እጅጌውም ከብሬሱ ትንሽ ረዘም የሚል ቲሸርት ይሻላል። ለሚልጥህ ቦታ ደግሞ ማሰሪያው ላይ ለስላሳ ጨርቅ ጠቅልልበት፣ እኔ ያረጀ ካልሲ ቆርጬ አስገብቼበት ነበር፣ አያምርም ግን ይሠራል።

ማሳከኩ ከማሰሪያው መስመር አልፎ ድጋፉ የነካው ቦታ ሁሉ ሽፍ ካለብህ ግን መፋተግ አይደለም፣ አለርጂ ሊሆን ይችላል። ለኒዮፕሪኑ ወይም ውስጡ ላለው ማጣበቂያ አለርጂ የሚሆኑ ሰዎች አሉ። ከሌላ ጨርቅ የተሠራ አለና ቀይረው።

ሌላ ደግሞ፣ የሚያቃጥሉትን ቅባቶች ተቀብተህ ብሬሱን ከላይ እንዳታስር! ያ «ሞቅ የሚያደርግ» የተባለው ቅባት ታፍኖ ሲቀር ቆዳ ያቃጥላል። ወይ ቅባቱ ወይ ብሬሱ።

ለሴቶች ደግሞ ማንም የማይናገረው ነገር አለ። የደረቱ ማሰሪያ ጡት ላይ ሲያልፍ መከራ ነው። ከላይ ቢያልፍ ይንሸራተታል፣ መሃል ላይ ቢያልፍ ይጨፈልቃል። ማጣበቂያውን ከጡት በላይ ሰያፍ አድርጎ ወደ ትከሻው ጠጋ አድርጎ ማጣበቅ ነው የሚሻለው፣ ጡት ማስያዣውም ብረት የሌለው ቢሆን። ሰያፍ የማይሄድ ዓይነት ከሆነ ሌላ ሞዴል ፈልጉ፣ ለወንድ ደረት ብቻ ታስቦ የተሰፋ ብዙ አለ።

አጠባው፦ የሚጣበቀውን መጀመሪያ ዝጋው፣ አለበለዚያ ክርና ፀጉር ሁሉ ይሰበስብና መያዝ ያቆማል። ለብ ባለ ውሃና በለዘብተኛ ሳሙና በእጅ እጠበው፣ አትጠምዝዘው፣ ጥላ ውስጥ አስጣው። ፀሐይና ማሞቂያ ላስቲኩን ይጨርሱታል።

በረኛው_7

@ቀኝ_ትከሻ ያንተ ከኔ ይለያል፣ ግን ሌላ ሰው እዚህ መጥቶ ሊያነብ ስለሚችል ልጻፍ። የኔ ትከሻ የወለቀ ነው። እኔ የማደርገው ድጋፍ ክንዴን ወደ ጎን ከፍ አድርጌ ወደ ኋላ እንዳላዞር የሚይዝ ተጨማሪ ማሰሪያ አለው። ኳስ ለመወርወር እጅህን ስታዘጋጅ ያለውን ሁኔታ አስበው፣ እሱን ነው የሚከለክለኝ። ትከሻ ሲወልቅ ከመቶ 95 ገደማው ወደ ፊት ነው የሚወልቀው፣ ብዙውን ጊዜም በዚያ አቋም ላይ ሳለ ነው። ወጣት ከሆንክ ደግሞ አንዴ የወለቀ የመመላለስ ዕድሉ ሰፊ ነው።

ስለዚህ ትከሻው የወለቀበት ሰው ይህን ተራ ለስላሳውን አድርጎ ሜዳ ገባሁ እንዳይል። የኛ ዓይነቱን የሚያስተካክለው ባለሙያ ነው፣ የማገጃ ማሰሪያው ርዝመት በስንት ዲግሪ ይቁም የሚለውን ራስህ በግምት አታደርገውም። ደግሞ ቤት ውስጥ ሰው ይዞት ወደ ቦታው ይመልሰው የሚባለውን ነገር ተዉት በናታችሁ። ነርቭና ደም ሥር አለ እዚያ። ትከሻ ወልቆ ከተመለሰ በኋላ የትከሻው ውጫዊ ጎን ላይ ቆዳው ስሜት ካጣ ለሐኪሙ ንገሩት፣ በዚያ የሚያልፍ ነርቭ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል።

የእናቷ_ልጅ

ይቅርታ በመሃል ልግባ። እናቴ ትከሻዋን ኦፕሬሽን ሆና ክንዷን በማንጠልጠያ አድርገውላታል፣ ሥሩ ትራስ የመሰለ ነገር አለው። ፊዚዮ እንዳልከው ማታ ላውልቅላት? አንገቷን ደግሞ አመመኝ ትላለች። ገላዋን ማጠብና ልብስ ማልበስም ጭንቅ ሆኖብኛል። እንዳላሳምማት እፈራለሁ።

ፊዚዮ_ነኝ

@የእናቷ_ልጅ አይ አይ፣ እንዳታወልቂላት! ከላይ ያልኩት ለለስላሳው ብሬስ ነው። ከኦፕሬሽን በኋላ የሚደረገው ማንጠልጠያ ሌላ ነገር ነው፣ የተሰፋው ጅማት እንዳይወጠር ነው የተደረገው። በብዛት ለሊትም ጭምር ነው የሚደረገው፣ ጅማት ከተሰፋ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል። መቼ እንደሚወልቅ የሚወስነው ኦፕሬሽኑን የሠራው ሐኪም ብቻ ነው። ትራሱም ክንዷን ከገላዋ ራቅ አድርጎ ለማስቀመጥ ነው የተደረገው፣ ለምቾት ብላችሁ እንዳትቀንሱት።

አንገቷን ያመማት የክንዷ ክብደት በሙሉ አንገቷ ላይ ስለተንጠለጠለ ይሆናል። ከጎን ቆመሽ እያት። ክርኗ ማንጠልጠያው ከረጢት ውስጥ እስከ መጨረሻው ገብቶ ኋላውን መንካት አለበት፣ ወደ ፊት ተንሸራቶ ከሆነ ክንዷን የያዘው አንገቷ ነው። ትራስ ያለው ማንጠልጠያ ከሆነ ክርኗ ስንት ዲግሪ እንደሚታጠፍ ሐኪሙ ያዘዘው ይኖራል፣ አብዛኛውን ጊዜ 90 አካባቢ ነው። እጇ ከክርኗ በታች እንዳይንጠለጠል፣ እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ይበል፣ አለበለዚያ ጣቶቿ ያብጣሉ። መዳፏም ጭምር መደገፍ አለበት፣ ከአንጓዋ ታጥፎ ከጫፉ ላይ ወድቆ እንዳይውል። የአንገቱን ማሰሪያ ከማጅራቷ ወደ ጤነኛው ትከሻ ጠጋ አድርጊው፣ ሥሩ ለስላሳ ፎጣ አስገቢ። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ይደነዝዙኛል ካለችሽ ክርኗ ለረጅም ጊዜ ከመታጠፉ ሊሆን ይችላልና ለሐኪሟ ንገሪ፣ ክርኗን እንድትዘረጋ ሰዓት ይሰጧታል።

ልብስ፦ የታመመው ክንድ መጀመሪያ ይለብሳል፣ መጨረሻ ይወልቃል። ይህን ከያዝሽ ግማሹ ጭንቀትሽ ቀለለ። ከፊት በቁልፍ የሚዘጋ ሰፋ ያለ ሸሚዝ አልብሻት። እጅጌውን አንቺ ሰብስበሽ ይዘሽ በእጇ በኩል አስገቢው፣ ክንዱን ወደ እጅጌው ሳይሆን እጅጌውን ወደ ክንዱ ነው የምትወስጂው።

ለመታጠብ ማንጠልጠያውን ማውለቅ ከፈቀዱላት፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ ወይም ጤነኛ እጇን ጠረጴዛ ላይ ተደግፋ ከወገቧ ትንሽ ወደ ፊት ታጎንብስ። ክንዷ በራሱ ክብደት ወደ ታች ሲንጠለጠል ብብቷ ይከፈታል፣ ያኔ በእርጥብ ጨርቅ ታጥቢያታለሽ። በራሷ ጉልበት ክንዷን አታንሳ፣ አንቺም አታንሽላት። በደንብ አድርቂው፣ ብብት እርጥብ ሆኖ ታሽጎ ሲውል ቶሎ ይቆስላል።

ቁስሉ ከቀላ፣ ከሞቀ፣ ፈሳሽ ካወጣ ወይም ትኩሳት ካላት ቀጠሮ አትጠብቂ።

የእናቷ_ልጅ

እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር። አሁን ሄጄ ሳያት ክርኗ እውነትም ወደ ፊት ወጥቶ ነበር፣ ወደ ኋላ መልሼ አስገባሁት። «አሁን እጄ ክብደቱ የት ሄደ» አለችኝ 😂

ፊዚዮ_ነኝ

ዶክተር አይደለሁም እህቴ፣ ፊዚዮ (የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ) ነኝ፣ ዶክተሮቹ ይቀየሙኛል 😄 እማማን ሰላም በይልኝ።

ቀኝ_ትከሻ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እንዲህ ይብራራልኛል ብዬ አላሰብኩም። የክንዱን አላልቼ የደረቱን አስተካከልኩ፣ ድንዛዜው ጠፋ። ቲሸርት ላይ ማድረጉም መላጡን አስቀረልኝ። መንሸራተቱ ግን ቀንሷል እንጂ አልጠፋም። ምን ቀረኝ?

ሻይ_ከቁርስ_በኋላ

ልክህን ለክተኸዋል? ብዙ ሰው «እኔ ኤል ነው የምለብሰው» ብሎ እንደ ሸሚዝ ነው የሚገዛው። የብሬስ ልክ ከልብስ ልክ ጋር አይገናኝም።

ፊዚዮ_ነኝ

ትክክል። የልብስ ሰፊ ሜትር ውሰድና ሁለት ቦታ ለካ። አንዱ ደረትህን በብብትህ ሥር ዙሪያውን፣ ሌላው የክንድህን ወፍራሙን ቦታ ዙሪያውን። ክንድህን አንጠልጥለህ ነው የምትለካው፣ ጡንቻህን ወጥረህ አይደለም (@ብረት_ክንድ ሰማህ?)። ሜትሩ ቆዳህን ይንካ እንጂ አይጫን። ከዚያ ካርቶኑ ላይ ካለው የልክ ሰንጠረዥ ጋር አስተያየው። ሁለቱ ለየቅል ከመጡ በዚያ ሰንጠረዥ የሚሠራው የትኛው እንደሆነ አንብብ፣ አንዳንዱ በደረት ብቻ ነው የሚሄደው።

ብረት_ክንድ

ሰማሁ ሰማሁ 😂 ለነገሩ ትናንት አላልቼ ሞክሬው በቀላሉ ክብደት እንኳን አመመኝ። ልታይ ነው መሰለኝ።

ፊዚዮ_ነኝ

ታይ። ክንድህን ወደ ጎን ማንሳት ካቃተህ ወይም ለሊት ሕመሙ ከቀሰቀሰህ ደግሞ ቶሎ ታይ። ለሁላችሁም፣ ግራ ትከሻ ላይ የሚመጣ ሕመም ከደረት መጫን፣ ከላብ ወይም ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከሆነ ነገሩ የትከሻ ሳይሆን የልብ ሊሆን ይችላል፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ቀኝ_ትከሻ

ለካሁት። የሸጡልኝ ከልኬ አንድ ቁጥር ይበልጣል፣ ለዚህ ነው ለካ! ልቀይረው ነው። የመጨረሻ ጥያቄ፣ ኮምፒውተር ላይ ስቀመጥስ ላድርገው?

ፊዚዮ_ነኝ

ተቀምጠህ ካመመህ መጀመሪያ የሚስተካከለው ጠረጴዛው ነው። ማውሱን ወደ ራስህ አስጠጋው፣ ሩቅ ሆኖ ክንድህን ዘርግተህ ስትውል ያ የተቆጣው ጅማት ሲሠራ ይውላል። ክርንህ ከጎንህ ሳይርቅ የወንበሩ መደገፊያ ላይ ይረፍ፣ መደገፊያው ትከሻህን ወደ ላይ የሚገፋ ከሆነ ዝቅ አድርገው። ማውሱን ለጊዜው በግራ እጅህ መያዝም ትችላለህ፣ መጀመሪያ ያናድዳል። ይህን ሁሉ አድርገህ ሕመሙ ካልቀነሰ ለሥራው ሰዓት አድርገው፣ ግን በየመሃሉ ተነስተህ ፈታ አድርገውና ክንድህን አንቀሳቅስ። መኪና ስትነዳ ግን እንቅስቃሴህን የሚገድብ ድጋፍ አድርገህ አትንዳ።